ጋሽ ፍሬኑ እና ቦታ የሚቀያይረው ጥላ

የመኪና አስተማሪውን የሚያውቀው ሁሉ ጋሽ ፍሬኑ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም ግን ሌላ ነው። ይሄኛውን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ምክንያቱ ደግሞ ሳሉ ነው። ጋሽ ፍሬኑ ሳል ሲነሳበት አንድ እጁ አፉን፣ አንድ እጁ ደረቱን ይይዛል፤ ቀኝ እግሩ ደግሞ በአስተማሪው በኩል ያለውን ተጨማሪ ፍሬን ሳያስበው ይረግጠዋል። መኪናዋ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች። ከኋላ ጥሩምባው፣ ስድቡ፣ የእጅ ውርወራው ይወርዳል። ውሎ አድሮ ተማሪዎቹ ብልጥ ሆኑ። ገና ጉሮሮውን ሲጠራርግ ፍሬቻ አብርተው ጥግ ይይዛሉ። ከእሱ ዘንድ ተምሮ የወጣ ሰው፣ አጠገቡ የተቀመጠ ተሳፋሪ ካሳለ ዛሬም ድረስ እግሩ ወደ ፍሬን ይሄዳል እየተባለ ይቀለድ ነበር።

ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ሦስቱን ዓመት ያሳለፈው በአንድ የማሠልጠኛ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ከዚያም አሥራ አንዱን በአንዲት ነጭ አሮጌ መኪና ውስጥ። መኪናዋን እሜቴ ይላታል። ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ተሸክማለች፣ ማርሽዋ ሲገባ ያጉረመርማል፣ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ በሾፌሩ በር ስር ውሃ ታስገባለች። የወለሏ ምንጣፍ ዝናቡ ካለፈ በኋላም ለሳምንታት አይደርቅም። ተማሪዎቹ በሩን ከፍተው ሲገቡ አፍንጫቸውን ያዝ እያደረጉ «ጋሼ፣ እሜቴ ዛሬም ካልሲዋን አላወለቀችም?» ይሉታል። እሱም ይስቃል፤ ሲስቅ ደግሞ ያስለዋል።

አስም የያዘው ገና በልጅነቱ ነው። ኢንሄለሩን ከመንጃ ፈቃዱ ጋር በአንድ ኪስ ይዞ ይዞራል። ሰው ስለ ሳሉ ሲጠይቀው «ኧረ ይሄ የድሮ ወዳጄ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት ግን ወዳጁ ጠባዩን ቀይሯል። ትኩሳት ይዞ ይመጣል፣ ጎኑን ይወጋዋል፣ ያከሳዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲብስበት ራጅ አነሡት፤ ቀኝ ሳንባው ላይ ነጭ ነገር ታየ። አክታው ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም፤ ቢሆንም ሐኪሙ ሳንባ ነቀርሳ መሆን አለበት ብሎ የስድስት ወር መድኃኒት አዘዘለት። ሽንቱ ብርቱካናማ እስኪሆን ዋጠ። ተሻለው። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ራጅ፣ እንደገና ስድስት ወር። አሁንም ተሻለው፤ አሁንም ተመለሰበት። ሦስተኛ ጊዜ ሂድ ሲሉት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ዶክተሯ ለመማር የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ረጋ ያለች፣ አነጋገሯ የተመጠነ፣ መሪ ስትጨብጥ ግን ሊያመልጣት የሚታገል ዶሮ የያዘች የምትመስል ሴት። ሐኪም መሆኗን ከመመዝገቢያው ወረቀት አይቷል። የምን ሐኪም እንደሆነች አልጠየቃትም።

በአራተኛው ቀን ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት እያስተማራት ነበር።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልሽ ልቀቂ፤ መኪናዋ ደንገጥ ስትል ነዳጅ ስጪ» ካለ በኋላ ሳሉ መጣ። እግሩ ፍሬኑ ላይ ሄደ፣ ሞተሩ ጠፋ። ይሄኛው ሳል ቶሎ የሚያልፍ አልነበረም። ፊቱ ቲማቲም መሰለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በመጨረሻም አንድ ነገር ወደ መሀረቡ ወጣ። ቶሎ አጣጥፎ ወደ ኪሱ ሊከተው ሲል እጇን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ እስቲ ያሳዩኝ።»

«ምኑን?»

«መሀረቡን።»

«ኧረ ዶክተር፣ ነውር ነው! እንዴት እንዲህ ያለ ነገር…»

«ሐኪም ነኝ፤ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ። የእጅ ፍሬኑን ይያዙልኝና ይስጡኝ።»

እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰጣት። መሀረቡ ውስጥ ያለው ተራ አክታ አልነበረም። ቡናማ ነው፣ ጠጠር ያለ፤ ከቀጭን ቱቦ ውስጥ ተስቦ የወጣ ይመስል የቱቦውን ቅርጽ ይዟል። ዶክተሯ ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አየችው። እንዲህ ያለው ከመቼ ጀምሮ እንደሚወጣ፣ አስም እንዳለበት፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀችው። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ይነፋባቸው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልደነገጠችም።

«ራጅ ተነሥተው ያውቃሉ?»

«ራጅማ! ከሠርጌ ፎቶ ይልቅ የደረቴ ፎቶ ይበዛል።»

«ፊልሞቹ አሉ?»

«ሚስቴ አንድ ነገር አትጥልም።»

«እንግዲያው የነገው ትምህርት ይቅርና ሁሉንም ይዘው ወደምሠራበት ሆስፒታል ይምጡ። እኔ ራጅና ስካን የማነብ ሐኪም ነኝ» አለችው።

ሚስቱ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። የሥራዋ ጠባይ ቤቷ ድረስ ተከትሏት የገባ ሴት ናት። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ትልቅ ፖስታ አወረደች። ስድስት ፊልሞች ናቸው፤ አልጋው ላይ ደረደረቻቸው። አንደኛው የላይኛው ጥጉ በመቀስ ተቆርጦ ሄዷል፤ ስሙና ቀኑም አብረው።

«ምን ሆኖ ነው ይሄ?» አለ ጋሽ ፍሬኑ።

«ልጅህ ናት። የፀሐይ ግርዶሹ ቀን በፊልም ነው የሚታየው ብላ ቆረጠችው።»

«ሳንባዬን በመቀስ? እናንተስ ዝም ብላችሁ አያችኋት?»

«አንተ ሰውዬ፣ ለእኔም ቁረጪልኝ ብለህ ደጅ የተሰለፍከው አንተው አይደለህ እንዴ!»

እውነቷን ነበር። በማግስቱ ፖስታውን ይዘው ሁለቱም አብረው ሄዱ።

ዶክተሯ የምትሠራው ምድር ቤት ውስጥ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ነው። ሦስት ስክሪኖች፣ አንድ ወንበር፣ ዝግ ያለ መብራት። እዚህ ክፍል ውስጥ መሪ የምትፈራዋ ሴት የለችም፤ ወንበሯን በአንድ እግሯ ገፋ አድርጋ ከስክሪን ወደ ስክሪን ትንሸራተታለች። የድሮ ፊልም ማያው የብርሃን ሣጥን ከበሩ ኋላ ግድግዳው ላይ ነበር፤ አሁን ሰው ጋዋኑን የሚሰቅልበት ሆኗል። ጋዋኖቹን አነሣችና አበራችው። አንዱ አምፖል ትንሽ ተንቀጠቀጠና ሰከነ።

ፊልሞቹን በየቀናቸው ሰቀለቻቸው። ጥጉ የተቆረጠው እጇ ላይ ቀረ።

«ይሄስ የመቼ ነው?»

ሚስቱ ሳታመነታ መለሰች። «ግርዶሹ የሆነው ልጄ አራተኛ ክፍል እያለች ነው፤ ሁለተኛው የትምህርት መንፈቅ ሲጀመር። ፊልሙን ከተነሣ ያኔ ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው፤ ገና ጠረጴዛ ላይ ነበር።»

«እንግዲያው ሦስተኛው ነው» አለች ዶክተሯ፤ ቦታው ላይ ሰካችውና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ቆመች። ዓይኗን ከአንዱ ፊልም ወደ ሌላው እያመላለሰች አየቻቸው። ጋሽ ፍሬኑ ፈተና ላይ መኪና ወደ ኋላ ሲያስገቡ ትንፋሻቸውን የሚውጡ ተማሪዎቹ ትዝ አሉት፤ እሱም ትንፋሹን ውጦ ነበር።

«እዩት» አለች በመጨረሻ። «መጀመሪያው ላይ ነጩ ጥላ ቀኝ ሳንባ ላይ፣ ከላይ ነው። ሁለተኛው ላይ እዚያ ቦታ የለም፤ ግራው መሀል ላይ ወጥቷል። ይሄ የግርዶሹ ደግሞ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። አራተኛው ላይ እንደገና ቀኝ፣ ግን ዝቅ ብሎ። አምስተኛው ላይ በሁለቱም በኩል። ይሄ የመጨረሻው ላይ ደግሞ ጣት የገባበት ጓንት የመሰለ ነገር ይታየኛል።»

«እና ምን ማለት ነው?» አለች ሚስቱ።

«ሳንባ ነቀርሳ ብዙ ጊዜ ያረፈበት ቦታ ላይ ጠባሳውን ትቶ ይሄዳል። ይሄኛው ግን በየጊዜው ቤት እንደሚቀይር ተከራይ ነው፤ ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣና ሌላ ክፍል ይገባል። መድኃኒቱን ሲውጡ የተሻልዎት መድኃኒቱ ሠርቶ ላይሆን ይችላል። በራሱ ጊዜ ለቅቆ ይሆናል።»

ጋሽ ፍሬኑ ወገቡን ይዞ ቆመ። አንድ ዓመት ሙሉ የዋጣቸው እንክብሎች በዓይኑ ላይ ሄዱ። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አለ፤ ድምፁ ሻከር ብሎ ነበር።

«አንዱ ሐኪም አንዱን ፊልም፣ ሌላው ሌላውን ነው ያየው። አንድ ፊልም ብቻ ቢሰጡኝ እኔም እነሱ ያሉትን ልል እችል ነበር» አለች። ይህን ስትል ዓይኑን እያየች ስለነበር ንዴቱ ጋብ አለለት። «አሁንም አላለቀም። ራጅ ጥላ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። የአየር ቧንቧዎቹ ምን እንደሆኑ ለማየት ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ደግሞም ሐኪምዎ እኔ አይደለሁም፤ እዚህ አንድ የሳንባ ሐኪም አለ፣ ወደ እሱ እልክዎታለሁ።»

የሳንባ ሐኪሙ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ የነጣ፣ የበሽተኛ ጀርባ ሲያዳምጥ ራሱም አብሮ የሚተነፍስ ሰው ነው። ስካኑን አዘዘ፣ ደምም እንዲሰጥ ላከው።

ስካኑ ላይ ጋሽ ፍሬኑን ያስጨነቀው መሣሪያው አልነበረም። «ትንፋሽ ያዝ ሲሉኝ ቢያስለኝስ?» የሚል ነበር ጭንቀቱ። ባለሙያው «አሥር ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ እንዳሻዎት» ብሎ አስተኝቶት ወጣ። ጠረጴዛው ወደ ክቡ ቀዳዳ ገባ፤ ከድምፅ ማጉያው «አየር ይሳቡ… ይያዙ» የሚል ድምፅ መጣ። ያዘ። ጉሮሮውን ያ የሚያውቀው ማሳከክ ጀመረው። ቀይ መብራት ላይ ለማጆችን እንደሚያስቆጥራቸው በልቡ መቁጠር ጀመረ። ስምንት ላይ «ይተንፍሱ» ተባለ፤ እሱም ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ሳሉን ለቀቀው። «ጎበዝ!» አለ ባለሙያው ከመስታወቱ ኋላ፤ «ሳንባውን ካነሣነው በኋላ ነው የጣሉት።»

ውጤቱን ዶክተሯ በስክሪኑ ላይ አሳየቻቸው። አጠገቧ ሁለት ወንበር አስገብታ ነበር።

«ደረትዎ እንደ ዳቦ ተቆራርጦ ነው የሚታየው፤ እያንዳንዱ ምስል አንድ ቁራጭ ነው። ጥቁሩ አየር ነው። እነዚህ ነጫጭ ነጥቦች የደም ሥሮች ናቸው። አየር የሚያልፍበት ቧንቧና የደም ሥር ደግሞ እንደ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት፤ ውፍረታቸውም ተቀራራቢ ነው። እዚህ ጋ ደህና ናቸው። አሁን ወደ መሀል ስገባ ይመልከቱ።»

በጣቷ የማውሱን ጎማ አሽከረከረች። ምስሎቹ ተግተለተሉ። ከዚያ አቆመች። ከነጩ ነጥብ አጠገብ ያለው ቀለበት ከነጥቡ እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ ነጥቡ ጥግ ላይ እንደ ጣት ቀለበት ፈርጥ ተለጥፏል።

«መንገዱ ሰፋ ማለት ነው?» አለ ጋሽ ፍሬኑ።

«ሰፋ፤ ግን ለበጎ አይደለም። ግድግዳው ተጎድቶ ነው የሰፋው። እንዲህ የሆነ ቧንቧ አክታውን ጠርጎ ማውጣት ያቅተዋል። ይኸው፣ እዚህኛው ውስጥ ተከማችቶ ደፍኖታል። ንጣቱን ያዩታል? ከጡንቻው ይልቅ ይነጣል። ተራ አክታ እንዲህ አይነጣም። ቦታውም ራሱ ይናገራል፤ የተጎዱት ወደ መሀል ያሉት ናቸው፣ ወደ ዳር ያሉት ቀጭኖቹ ደህና ናቸው።»

«ምንድን ነው ታዲያ ያደረሰው?»

«ሻጋታ።»

ባልና ሚስት ተያዩ።

«ዳቦ ላይ የሚወጣው ሻጋታ?» አለ።

«የእሱ ዘመድ ነው። ብናኙን ሁላችንም በየቀኑ እንተነፍሰዋለን፤ ምንም አንሆንም። አንዳንድ አስም ያለበት ሰው ግን አለርጂ ይሆንበታል። ሰውነቱ ከሻጋታው ጋር ቧንቧው ውስጥ ጠብ ይገጥማል፤ ግድግዳውን የሚያፈርሰው እንግዲህ ሻጋታው ብቻ ሳይሆን ጠቡ ራሱ ነው። ምስሉ ወደዚያ ይጠቁማል፤ የሚያጸድቀው ግን የደም ምርመራው ነው።»

«ይኸውልህ» አለች ሚስቱ፣ «ሃያ ስድስት ዓመት ከዳቦ ጋር ነው የኖርኩት።»

ሦስቱም ሳቁ፤ ጋሽ ፍሬኑም ሳቀ፣ ሳለ። ሳሉ ሲበርድለት ግን ቀለበቱን እንደገና አየና ቀስ ብሎ ጠየቀ። «መልሶ ይጠባል?»

«የሰፋው አይመለስም» አለች ዶክተሯ። አላለሳለሰችለትም። «የተደፈነውን ግን ማስከፈት ይቻላል። ሌላው እንዳይሰፋም ማድረግ ይቻላል። ለዚያ ገና አልመሸም።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሚስቱ ብዙ አወራች። አዝኖ ነበር፤ እፎይም ብሎ ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለራሱም አልለየለትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደረቱ ውስጥ ያለውን ነገር ዛሬ በዓይኑ አይቶታል።

የደሙ ውጤት በሳምንቱ መጣ። የአለርጂው ልክ ከጤነኛ ሰው በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ፤ የሻጋታው ምርመራም አረጋገጠው። የሳንባ ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ በቀስታ አፏጨ። ሁለት ዓይነት እንክብል ጻፈለት፤ አንዱ የሰውነቱን ጠብ የሚያበርድ ስቴሮይድ፣ ሌላው ሻጋታውን የሚያዳክም። ስቴሮይዱን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ለወራት እንደሚወስደው፣ በራሱ ፈቃድ አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጠው አስጠነቀቀው። «ይርብዎታል፣ ፊትዎ ያብጣል፣ ያስቆጣዎታል» ብሎ ጨመረ።

ሦስቱም አልቀሩም። ጋሽ ፍሬኑ ምሳውን በልቶ የሚስቱን ምሳ በዓይኑ የሚከታተል ሰው ሆነ። ፊቱ ክብ ሆኖ የድሮ ተማሪዎቹ መንገድ ላይ አይተው አለፉት። አንድ ቀን ደግሞ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሞተር ባጠፋችበት ልጅ እግር ተማሪ ላይ ጮኸ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ተማሪ ላይ ጮኾ አያውቅም። ልጅቷ ከንፈሯን ስትነክስ እሱ ራሱ ደነገጠ። «ይቅርታ እህቴ፣ የጮኸው መድኃኒቱ ነው» አላት። «መድኃኒቱን መሪ አያስይዙትም እንጂ!» አለችው እንባዋን እየጠረገች፤ ታረቁ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናማው ነገር ይብስ ብሎ ወጣ፤ ሐኪሙ ጥሩ ምልክት ነው አለው። ከዚያ እያነሰ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ የተነሣው ራጅ ላይ ነጩ ጥላ የለም፤ በደሙ ውስጥ ያለው የአለርጂው ልክም ከግማሽ በታች ወርዷል። እሜቴ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ተማሪዎቹ ያለ ሳል መንዳት እንግዳ ነገር ሆነባቸው። የድርጅቱ ኃላፊ «እንግዲህ ሌላ ስም እንፈልግልህ ወይ?» አለው።

በዚያው ሰሞን የእሜቴን ምንጣፍ ራሱ አውጥቶ ገልብጦ አየው። ከስሩ አረንጓዴና ጥቁር ሆኗል። ሌላ ማስረጃ አያሻም ብሎ በቀጠሮው ቀን ለሳንባ ሐኪሙ ነገረው። «ጥፋተኛዋ እሷ ናት ማለት ነው?»

«ሻጋታ የሌለበት አየር የለም፤ በመኪናዎ ብቻ ልፈርድባት አልችልም» አለ ሐኪሙ። «ምንጣፉ ግን ይጣል። እርስዎ እንዳይነኩት፤ ሌላ ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ያውጣው።»

«ካወጣሁት በኋላ ነው የሚነግሩኝ?»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና «እንግዲያው ሲያወጡት ፎቶ አለመነሣትዎ ጥሩ ነው፤ ባየው እቆጣዎት ነበር» አለው።

የዶክተሯ ትምህርት በዚህ ሁሉ መሀል ቀጥሎ ነበር። ዳገቱን ተወጣችው፤ ወደ ኋላ ማስገባት ግን አልሆነላትም። መጀመሪያ ስትፈተን በእሱ ወደቀች። ጋሽ ፍሬኑ አንድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ አስቁሟት ጠየቃት።

«አንቺ የሰው ሆድ ዕቃ የምታነቢ ሴትዮ፣ መስታወት ማንበብ እንዴት ያቅትሻል?»

ትንሽ አሰበችና ፊቷ በራ። «ጋሼ፣ እኛ ፊልም ስናነብ የበሽተኛው ቀኝ በግራችን በኩል ነው ያለው። ምስል ሳይ አእምሮዬ ራሱ ይገለብጠዋል። መስታወቱንም እየገለበጥኩት ነው መሰለኝ።»

«አሃ! እንግዲያው ከኋላሽ ያለውን መኪና በሽተኛ አድርገሽ አትዪው። መስታወት ላይ ቀኝ ቀኝ ነው፣ ግራም ግራ ነው። ምንም አትተርጉሚ።»

ያን ቀን በግራና በቀኝ የቆሙትን ሁለት የመለማመጃ ኮኖች ሳትነካ አምስት ጊዜ አስገባች። በሚቀጥለው ፈተና አለፈች።

ጋሽ ፍሬኑ መድኃኒቱን በዓመቱ ጨረሰ። ቧንቧዎቹ እንደሰፉ ናቸው፤ ይህን ለምዶታል። በየጠዋቱ አልጋው ጠርዝ ላይ በጎኑ ተኝቶ፣ በሆስፒታሉ ያለች አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዳሳየችው፣ በረጅሙ እየሳበ በአጭሩ እያስወጣ ሃያ ደቂቃ ይተነፍሳል። ሚስቱ አጠገቡ ፀጉሯን እየሠራች የትምህርት ቤቱን ወሬ ታወራለታለች፤ መልስ መስጠት ስለማይችል በቀን ውስጥ ደስ የሚላት ሰዓት ይሄ ነው።

መድኃኒቱን ባቆመ በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ደረቱ ከበድ አለው፤ ጎኑንም ወጋ አደረገው። መሀረቡን አየ፤ ትንሽ ቡናማ ነገር አለ። ድሮ ቢሆን አጣጥፎ ኪሱ ይከተው ነበር። ለሚስቱ አሳያትና ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ በዚያው ቀን ወደ ሳንባ ሐኪሙ ሄደ። ራጁ ግራው ላይ አዲስ ጥላ አሳየ፤ ትንሽ ናት። ሐኪሙ እንክብሎቹን እንደገና ጻፈለት፤ ቶሎ ስለመጣ ያሁኑ አጠር እንደሚል ነገረው።

ማታ ራት ላይ ሚስቱ «ፈራህ?» አለችው።

«አልፈራሁም» አለ። «ድሮ የምፈራው ምን እንደሆነ ስለማላውቀው ነበር።»

የመጀመሪያውን እንክብል በውሃ ዋጠና ሳህኑን አነሣ። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ መሪ ነክቶ የማያውቅ አዲስ ተማሪ ይጠብቀው ነበር፤ ጫማውን ከመተኛቱ በፊት ጠርጎ በሩ ስር አስቀመጠ።